ሰባት ቤት ለመቁጠር፦ የዘር ሐረግን ከቃል፣ ከብራናና ከመዝገብ መፈለግ

ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ስንት ሰው ይቆጥራል? አብዛኞቻችን ሰባት እንላለን፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት እያልን በአንድ መስመር መውጣት ስለለመድን ነው። ስሌቱ ሌላ ነው። ወላጆች 2፣ አያቶች 4፣ ቅድመ አያቶች 8 ናቸው፤ ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደረስ 128 ሰዎች ይሆናሉ። ከወላጆች እስከ ሰባተኛው ቤት ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 254 ናቸው። የአባቶቹን ስም ሳይደናቀፍ የሚያወርድ ሰው ከ254ቱ ሰባቱን ጠራ ማለት ነው። የወለደችው እናት እንኳ ከጠራቸው ውስጥ የለችም።

የቀረውን 247 ሰው ፍለጋ በአገራችን ምን ምንጭ አለው? እያንዳንዱስ ምንጭ ምን ያህል ይታመናል? የውጭ አገር የዘር ፍለጋ መመሪያዎች የልደት መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ አለ ብለው ይነሣሉ። የእኛ ፈላጊ ከሌላ ቦታ መነሣት አለበት።

መጀመሪያው ምንጭ የሽማግሌ ቃል ነው። በደጋው የአማራ አገር ዘር ቆጠራ ለዘመናት የእርሻ መሬት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት አቅኚ ይባላል። የእርሱ ተወላጅ መሆኑን ማስረዳት የቻለ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ በእናቱም ይምጣ በአባቱ፣ ከርስቱ ድርሻ ይጠይቃል። በጎጃም ደጋ ዳሞት ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በዝርዝር አስቀምጦታል። አንድ ገበሬ በብዙ ሐረግ የብዙ አቅኚዎች ተወላጅ ስለሆነ መብቱ በብዙ ቦታ አለ፤ የሚከራከረው ግን ሊረታ በሚችልበት ነው። በዚህም ምክንያት መሬት የሚያስገኘው ሐረግ ትኩስ ሆኖ ይቆያል፣ ምንም የማያስገኘው ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ይዘነጋል።

ከዚህ በመነሣት የቃል ትውልድ ጥቅም ያጣመመው ተረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የርስት ክርክር ላይ የሚቆጠር ትውልድ ባላጋራ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚቆጠር ነው። አንዱ ትውልድ ቆጣሪ ከአቅኚው ወርዶ እስከ ከሳሹ ሲደርስ፣ የተከሳሹ ወገን ሽማግሌ ደግሞ «እርሷ ልጅ ሳትወልድ ሞታለች» ወይም «እርሱ የእንጀራ ልጅ ነበር» ብሎ ይቆርጠዋል። ዳኛውም ምስክር ይሰማል። በቤተሰብ ድግስ ላይ ለሙገሳ ከሚነገር የትውልድ ታሪክ ይልቅ በዚህ ዓይነት ሙግት ያለፈው ሊታመን ይገባዋል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል ሰው የአያቶቹን ስም እንዲይዝ ያስገደደ ሕግ ነበር ማለት ይቻላል።

ትውልድ እንዲያዝ የሚያስገድደው ሌላው ነገር ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘመድ መጋባት ነውር በመሆኑ ሽማግሌዎች ከመታጨት በፊት የሁለቱን ወገን ትውልድ ያነጻጽራሉ። ለዚህ የአባት መስመር ብቻ አይበቃም፤ የልጁ የእናት እናት እና የልጅቷ የአባት እናት እኅትማማች ቢሆኑ በአባት ቆጠራ ፈጽሞ አይታይም። ሥርዓቱ ሴቶችን እንዲቆጥር የተገደደው በዚህ ነው። እገዳው በተጠበቀበት ቤት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቅድመ አያት ሆኖ ስለማይመጣ፣ ስምንቱ ቅድመ አያቶች በእርግጥም ስምንት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከነክርክሩ አስቀረ። ጭሰኛው ከባለርስት ቀንበር መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ግን ትውልድ መቁጠር ዋና ሥራውን አጣ። በዚያ ዓመት የ20 ዓመት ወጣት የነበረ፣ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ክርክር የሰማ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። ከእርሱ በታች ያለው ትውልድ የሰማው ካለ በወሬ ነው። ለዚህ ዳሰሳ ከተመለከትኳቸው ምንጮች ሁሉ በፍጥነት እየጠፋ ያለው ይኸው ነው።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ዋናው መዝገባችን የቤተ ክርስቲያን ብራና ነው። በአገራችን መሬት ሲሰጥ፣ ሲሸጥ፣ ሲወረስ የሚጻፈው በወንጌሉ ኅዳግና በባዶ ገጾቹ ላይ ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ውል ማንም አይደፍረውም ተብሎ ስለሚታመን። ልማዱ ጥንታዊ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያበረከቱት ወንጌል ዛሬም አለ፤ በኅዳጉ የገዳሙ ንብረት ተመዝግቧል። ለተራ ሰው ዘር ፍለጋ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው የጎንደር ዘመን ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም የመሬት መዝገብ፣ የታሪክ ምሁራኑ ዶናልድ ክረሚና ሹመት ሲሻኝ በጋራ ያጠኑት፣ የነገሥታት ብቻ ሳይሆን የደብተራውን፣ የወታደሩንና የወይዘሮውን ስም የያዘ ነው።

እንዲህ ያለ ማስታወሻ ሲነበብ ምን ይገኝበታል? አጻጻፉ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ንጉሡ እገሌ፣ ራስ እገሌ፣ አለቃው እገሌ ሳሉ፣ ወይዘሮ እገሊት የአባቷን መሬት ለአቶ እገሌ በዚህን ያህል ወቄት ወርቅ ሸጠች ይላል። ከዚያ ዋሶቹ፣ ቀጥሎም ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ። ውሉን የሚያፈርስ እንዲወገዝ ቃለ ውግዘት ይከተላል። ፈላጊው ከገዥና ከሻጭ በላይ በዋሶቹ ላይ ማተኮር አለበት። ዋስ የሚሆነው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገ «የኔም ድርሻ አለበት» ብሎ ሊነሣ የሚችለው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ አስቀድሞ በዋስነት ይታሰራል። ስለዚህ አንድ ገጽ ኅዳግ የአንድን ቤተሰብ የጎን ዘመዶች በአንድ ቀን ሰብስቦ ሊያሳየን ይችላል። ሴቶችም በሻጭነት፣ በገዥነት፣ በተከራካሪነት በብዛት ይገኛሉ። ክረሚ ስለ በጌምድር ሴቶችና ስለ ንብረት ክርክራቸው ራሱን የቻለ ጥናት የጻፈውም ለዚህ ነው። የእናትን መስመር በቃል ያጣ ሰው በኅዳግ ሊያገኘው ይችላል።

ብራናው ያለበት ደብር ሩቅ ቢሆንም መንገድ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያዋሉበት ካታሎግ የመጽሐፉን ዋና ይዘት ብቻ ሳይሆን በኅዳግ የተጻፉትን ውሎችና የባለቤቶቹን ስም ጭምር ይጠቁማል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንና ወመዘክርን ሊጠይቅ ይችላል። የታወቀ ሰው ዘመድ የሆነ ደግሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «የሕይወት ታሪክ» መመልከት አለበት፤ በ1915 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ብዙ መኳንንትና ሊቃውንትን በአጭር በአጭሩ ይዟል።

ብራናውን ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚታገለው ከስም ጋር ነው። አያትህ በሰፈር የሚጠሩበት ስም በብራና ላይ ላይኖር ይችላል፤ ካህኑ የሚጽፈው የክርስትና ስም ሊሆን ይችላልና። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ናቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ ሣህለ ማርያም። ወታደር ከሆነ የፈረስ ስምም አለው። የቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ የምኒልክን አባ ዳኘው ሁሉም ያውቃል፤ የአንድ ባላገር የፈረስ ስም ግን የሚገኘው በፉከራና በልቅሶ ግጥም ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽማግሌን ስንጠይቅ «ስማቸው ማን ነበር?» ብሎ ማቆም አይበቃም። የክርስትና ስማቸው፣ የነፍስ አባታቸው፣ የተቀበሩበት ደብር መጠየቅ አለበት። የክርስትና ስም ለፍትሐትና ለተዝካር ስለሚያስፈልግ ልጆቹ የረሱትን ስም አንዳንዴ ካህኑ ያስታውሰዋል።

የስማችን ሥርዓት የራሱ ችግርና የራሱ በረከት አለው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ሲጨመር አንዱ ከኋላ ይወድቃል፤ በወረቀት ላይ ሦስት ስም የሚጽፍ ሰው ቅድመ አያቱን ከሰነዱ አውጥቷል። በሌላ በኩል ያገባች ሴት የአባቷን ስም አትለቅም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሴት ስታገባ የአባቷ ስም ከወረቀት ስለሚጠፋ ፈላጊ የእናቶችን መስመር ለማግኘት ይቸገራል። የእኛ አያት ግን በጋብቻ ውልም፣ በመሬት ሽያጭም፣ በፍርድ ቤት መዝገብም የአባቷ ልጅ ሆና ትቀጥላለች። ይህን ትልቅ ጥቅም ብዙዎቻችን አናስተውለውም።

ቀጥሎ ያለው ችግር ዘመን ነው። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም፤ ክስተት ይቆጥራል። ክፉ ቀን፣ ዓድዋ፣ ሰገሌ፣ የኅዳር በሽታ፣ ማይጨው። ከዚህ ጋር የወንጌላዊው ዘመን ከተነገረ ልደቱን በትክክል ማግኘት ይቻላል። «አያቴ ከክፉ ቀን በኋላ፣ ከዓድዋ በፊት፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለዱ» ቢባል እንመልከት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል፣ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. ነበር፤ 7388 ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፣ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ሉቃስ ከእርሱ በፊት ያለው 1887 ይሆናል። ከዚያ በፊት ያለው ሉቃስ 1883 ሲሆን እርሱ ክፉ ቀን ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የአያትየው የልደት ዓመት 1887 ነው፤ አንድም ወረቀት ሳይገለጥ።

ሁሉም ቤት ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። ርስት የሌለው፣ በእጅ ሥራው የተናቀ፣ በባርነት የተሸጠ ሰው ትውልዱን የሚቆጥርበት ችሎት አልነበረውም። የተሸጠ ልጅ ስሙ ይቀየራል፣ የጌታው ቤት ልጅ ተብሎ ይቆጠራል፣ የልጅ ልጆቹም ነገሩን ደብቀው ያልፋሉ። ትውልዱ ላይ «ከዚህ በላይ አይታወቅም» የሚል ቦታ ሲያጋጥም ባርነት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌውንም በአደባባይ ሳይሆን ለብቻ፣ በአክብሮት መጠየቅ ይገባል። የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ የሚያስተምረን አለ። ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሂካ ተብሎ የተወለደው ልጅ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ በ1870 እ.ኤ.አ. ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን አደገ፤ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። የልጅነት ስሙና የተወለደበት ቦታ የታወቁት ሚሲዮኑ ጽፎ ስለያዘ ነው። በዚያ መንገድ ከእርሱ ጋር ያለፉት አብዛኞቹ ልጆች ጸሐፊ አላገኙም።

የቆጠራ ልማድ ከአገር አገር ይለያያል። ሶማሌ ልጆቹን የአባቶቻቸውን ስም በተከታታይ እንዲያወርዱ ያስተምራል፤ ኦሮሞም በጎሳው አባት ከአባት ይቆጥራል። በርዝመት ከደጋው ቆጠራ ይበልጣሉ፣ እናቶችን ግን ይተዋሉ። በሐረር ከተማ ደግሞ ከአሚሮቹ ዘመን ጀምሮ የቃዲ ችሎት ሰነዶች ነበሩ። በሸሪዓ ውርስ ሲከፈል ሚስትም ሴት ልጅም ድርሻ ስላላት፣ አንድ የውርስ ሰነድ የሟቹን ወራሾች ሁሉ በስም ይዘረዝራል። የእስላም ቤተሰብ ዘር ፈላጊ ከሁሉ አስቀድሞ የውርስ ወረቀት መፈለግ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የነገሥታትን ትውልድ በአጭሩ ልለፈው። ዙፋን ዘርን ይጠራል፣ ዘርም ለዙፋን ይስተካከላል። አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ ሲሏቸው እርሳቸው ከሰሎሞን ዘር ነኝ ብለዋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትውልድ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንሥቶ እስከ ንግሥተ ሳባና ንጉሥ ሰሎሞን ድረስ በአንቀጽ አስፍሮታል። ከሣህለ ሥላሴ ጋር የሚያገናኛቸው የአባታቸው የራስ መኮንን እናት፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። ትውልዱ በአንዲት ሴት በኩል ያልፋል ማለት ነው። ቤተሰባችሁ ትውልዱን ከነገሥታት ጋር ካያያዘ፣ ያ ማያያዣ መቼ እንደተጻፈና ማን እንደጻፈው መጀመሪያ አጣሩ።

ዛሬ የእናት መስመር ከሁሉ ይልቅ ከባድ ዋጋ ያገኘው በቤተ እስራኤል ዘንድ ነው። እነርሱም እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም፤ ሽማግሌዎቻቸውና ቄሶቻቸው ትውልድ ጠባቂዎች ነበሩ። እስራኤል በ1975 እ.ኤ.አ. የመመለሻ ሕጉ እንደሚመለከታቸው ከተቀበለች በኋላ ማኅበረሰቡ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ገባ። ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና ለተቀበሉባቸው ግን በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥት ውሳኔ በእናት በኩል ያለ ዘርን መለኪያ አደረገ። ጎንደር ላይ ለዓመታት የጠበቀ ሰው ዕጣው የተንጠለጠለው የእናቱ እናት ማን እንደነበረች በማስረዳት ላይ ነው። የሰው ዕድል በሽማግሌ ትዝታ ላይ ሲወድቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ሌላ ፈተና አለበት። የስደት ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ይመዘገብና ልጆቻቸው የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ያድጋሉ። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሳይቀየር 1960 እ.ኤ.አ. ተብሎ ከተመዘገበ 7 ወይም 8 ዓመት ተጨምሮበታል። አሜሪካ ወይም እስራኤል ያለ ወረቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አገር ቤት ካለው የክርስትና፣ የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ ሰነድ ጋር መነጻጸር አለበት።

የዘረመል ምርመራስ? በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሄደው ወላጆቻቸውን ለሚፈልጉ ወጣቶች ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ሊያገናኝ የሚችል መሣሪያ ነው፤ ዘመዱም ተመርምሮ ከሆነ። አገር ቤት የተመረመረው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከሩቅ አያት ጋር ለመገናኘት ደግሞ ኃይሉ ይደክማል፦ ከሰባተኛው ቤት አንድ ሰው የምናገኘው በአማካይ ከ128 አንድ እጅ፣ ማለትም ከአንድ በመቶ በታች ነው። ውጤቱ የሚሰጠው የመቶኛ ስብጥርም ስም አይነግርም። ገንዘቡን ለዚህ ከማዋል በፊት ለአንድ ሽማግሌ ጉብኝት ማዋል ይሻላል የሚል አቋም አለኝ።

ስለ መንግሥት መዝገብ የምለው አጭር ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ መዝገቡ ግን ለአሠርት ዓመታት ሥራ ላይ አልዋለም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ለልጅ ልጆቻችን ሥራ ያቀልላቸዋል፤ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ግን ኅዳጉና ሽማግሌው የሚተካ የላቸውም።

ስለዚህ አንባቢን የምለምነው ይህን ነው። በቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን፣ በተለይ ሴቷን፣ በስልካችሁ እየቀዳችሁ ጠይቁ፤ ከአባት በፊት የእናቷን እናት፣ የአያቷን እኅቶች፣ ከየት አገር እንደተዳሩ፣ የክርስትና ስማቸውን አስነግሯት። የተናገረችውን እንዳለ ጻፉ፤ የማይስማማ ነገር ቢኖር አታርሙት፣ ሁለቱንም ያዙ። ደብሩ ሄዳችሁ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱና የወንጌሉን ኅዳግ ፎቶ አንሡ፤ ቅጂውንም ለደብሩና ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ወረቀት በአንድ እሳት ይጠፋልና።